ለሸራ ጀልባ ቀፎ ላሜራ፣ ፋይበር ወይስ ኮምፔንሳቶ? ክብደቱስ ፍጥነቱን ምን ያህል ይነካዋል?

አናጺ_ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የሸራ ጀልባ ልሠራ ነው፤ ሞተር የሌለው፣ በነፋስ ብቻ የሚሄድ። ርዝመቱ 4.8 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ የሚይዘው ሦስት ሰው፣ ሸራው 10 ካሬ ሜትር። መጀመሪያ ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ይንሳፈፋል፤ ደርቆ የነበረው ውሃ ተመልሷልና። በኋላ በአይሱዙ ተጭኖ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ እንዲወርድ ታስቧል። ስለዚህ የሐይቅ ውሃም የባሕር ውሃም ያገኘዋል።

ያልቆረጠልኝ ቀፎው ከምን ይሠራ የሚለው ነው። ድሬ ላይ 3 ሚሊ ጥቁር ላሜራ እንደልብ አለ፤ በያጅም ሞልቷል። 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶም አለ። ፋይበርና ሬዚን በትእዛዝ ይመጣል። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ አካባቢ አሉሚኒየም ላሜራም ይሸጣል፤ ዓይነቱ ግን አልተጻፈበትም።

የምጠይቀው ይሄ ነው። ቀፎው የተሠራበት ነገር በራሱ ፍጥነትን ይለውጣል ወይስ ክብደቱ ብቻ ነው? በላሜራና በኮምፔንሳቶ መካከል ያለው ልዩነት ውሃ ላይ ሲወርድ በቁጥር ስንት ይሆናል? ደግሞ «ከባድ ጀልባ ማዕበል ይሰብራል፣ እሱ ይሻላል» የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው? እባካችሁ ቁጥር ያለው መልስ ስጡኝ፤ «ቀላሉ ይሻላል» የሚለውን ሁሉም ይለኛል።

መምህር_ጀጎል (ሐረር)

ወንድሜ፣ ከክብደቱ በፊት ርዝመቱን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ጀልባ ሲሄድ ከፊቱ አንድ የውሃ ጉብታ፣ ከኋላው ሌላ ጉብታ ያነሳል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ርቀቱ ውሃ ከሚነካው የጀልባው ርዝመት ጋር እኩል ሲሆን ጀልባው በሁለቱ መካከል ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ለመፍጠን ራሱ ያነሳውን የፊት ጉብታ እንደ ዳገት መውጣት ይኖርበታል። ይህን ወሰን ለማስላት የውሃ መስመሩን ርዝመት በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩቱን ታወጣለህ፤ በ2.43 ስታባዛው መልሱ በኖት ይመጣል። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው።

4.8 ሜትር ያልከው ጀልባ የውሃ መስመሩ 4.5 ሜትር ቢሆን 5.15 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 9.5 ኪሎ ሜትር ነው። የውሃ መስመሩን 4 ሜትር ብታደርገው 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 6 ሜትር ብታደርገው 11። ልብ በል፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ክብደት የለም፣ ላሜራም ኮምፔንሳቶም የለም። ስለዚህ የጀልባውን ፊት ለማሳመር ብለህ ወደ ፊት አጋድለህ የውሃ መስመሩን አታሳጥር፤ ፊቱ ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ ይግባ።

ታዲያ ክብደት የት ይገባል? ወደዚያ ወሰን ለመድረስ ስንት ጉልበት ያስፈልጋል በሚለው ላይ ነው የሚገባው። አንተ በሰጠኸው ልክ የቀፎው ቆዳ ከነመቀመጫውና ከነሽፋኑ ወደ 14 ካሬ ሜትር ይሆናል። 3 ሚሊ ላሜራ በካሬ 23.5 ኪሎ ነው፤ በ14 ሲባዛ 330 ኪሎ። 2 ሚሊ ከሆነ 220። 3 ሚሊ አሉሚኒየም 113። በእጅ የተነጠፈ 4 ሚሊ ፋይበር 84። 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ባዶውን 46፣ ከውጭ አንድ ሽፋን የመስታወት ጨርቅና ኢፖክሲ (ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሬዚን) ሲጨመርበት 57 ገደማ። በሁሉም ላይ ለአጥንቱና ለመቀመጫው 50 ኪሎ፣ ለምሰሶው፣ ለሸራውና ለመሪው 45 ኪሎ፣ ለሦስት ሰው 210 ኪሎ ደምርበት። ኮምፔንሳቶው 362 ኪሎ ሆኖ ውሃ ላይ ይቀመጣል፤ ባለ3 ሚሊው ላሜራ 635።

የጀልባህ የውሃ ላይ ስፋት ወደ 4.4 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ በየ44 ኪሎው አንድ ሳንቲ ሜትር ይሰምጣል። ላሜራው ከኮምፔንሳቶው 6 ሳንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ ይሄዳል ማለት ነው። ያ 6 ሳንቲ ሜትር በጀልባው ዙሪያ ሲቆጠር ውሃ የሚያሸው ቆዳ በ12 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ነፋሱ ደካማ ሆኖ ጀልባው በቀስታ ሲሄድ የሚይዘው የቆዳው ፍትጊያ ነው። 12 በመቶ ፍትጊያ ቢጨምር ፍጥነቱ የሚቀንሰው በ6 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ 3 ኖት የሚሄደው 2.8 ይሄዳል። ይሄ ብዙ አይደለም። ነፋሱ ጨምሮ ወደ 5 ኖት ሲጠጋ ግን የሚይዘው የሚያነሳው ማዕበል ነው፤ የማዕበሉ ትልቀት ደግሞ ከክብደቱ ጋር ይሄዳል። ኮምፔንሳቶው 5 ኖት በሚሄድበት ነፋስ ላሜራው ወደ 4.5 ዝቅ ይላል። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከዚያ በላይ ነው። ቀላል ጀልባ ታችኛው ኋላው ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ነፋሱ ሲጠነክር አፍንጫውን አንስቶ በራሱ ማዕበል ላይ ይወጣና ውሃውን መሰንጠቁን ትቶ ላዩ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ የ5.15 ኖቱ ወሰን ይሰበራል። 635 ኪሎው በ10 ካሬ ሸራ እዚያ አይደርስም።

ይህን አስቀድሞ የሚለካ አንድ ቁጥር አለ። የሸራውን ስፋት በካሬ ሜትር ውሰድ። ጠቅላላ ክብደቱን በቶን አድርግና ኪዩብ ሩቱን አውጥተህ በራሱ አባዛው። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል። ኮምፔንሳቶህ 19.7 ይሰጣል፤ 2 ሚሊ ላሜራ 15.4፤ 3 ሚሊው 13.5። ከ16 በታች ያለው ዘገምተኛ ነው፤ ከ16 እስከ 20 ደህና ይሄዳል፤ ከ20 በላይ ፈጣን ነው።

የመጀመሪያ ጥያቄህን ለመመለስ ያህል፦ ክብደቱ፣ ቅርጹና ልስላሴው አንድ ከሆነ ውሃው ከምን እንደተሠራ አይለይም። ዌይፋረር የሚባለው 4.82 ሜትር ጀልባ፣ በ1957 የወጣ፣ ካንተ ጀልባ ጋር በርዝመት አንድ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ በኮምፔንሳቶ ይሠራ ነበር፤ በኋላ በፋይበር መሠራት ጀመረ። የቀፎው ዝቅተኛ ክብደት በደንብ ስለተወሰነ ሁለቱም ዓይነት በአንድ ውድድር ጎን ለጎን ይሰለፋሉ።

ብየዳ_ገንደቆሬ (ድሬዳዋ)

መምህር የሰጡት ስሌት ልክ ነው፤ ላሜራን ግን በ3 ሚሊ ብቻ ባንፈርጀው ጥሩ ነው። ድንጋይ ላይ ቢጎተት የማይበሳው ላሜራ ነው፤ ቢጎዳም የትም ቦታ ይበየዳል። አቦ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በላሜራ ከሠራኸው 2 ሚሊ ውሰድ፤ 110 ኪሎ ትገላገላለህ። ግን 2 ሚሊን መበየድ ችሎታ ይጠይቃል። አንዱን ጫፍ ይዘህ እስከ ሌላው ጫፍ አንድ ጊዜ ከበየድከው ሙቀቱ ላሜራውን ይስበውና እንደ ታጠበ ጨርቅ ይጨማደዳል። መጀመሪያ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ነጥብ ነጥብ አድርገህ ያዘው። ከዚያ 3 ሳንቲ በይድ፣ ወደ ተቃራኒው ጎን ሂድና 3 ሳንቲ በይድ፣ ወደ መሃል ተመለስ፤ እንዲህ እያፈራረቅክ ሙላው። ኤሌክትሮዱ 2.5 ሳይሆን 2 ሚሊ ይሁን፤ አምፔሩን ዝቅ አድርገህ ሞክረው። በእጅ ስትነካው የሚያቃጥል ከሆነ ጠብቅ። የተጨማደደ የጀልባ ሆድ በስቱኮ ይደለደላል ብለህ እንዳትጀምር። ስቱኮው ራሱ ክብደት ነው፤ ላሜራው ሲተጣጠፍም ይረግፋል።

አጥንቱን ከ30 በ30 አንጎላሬ ሠርተህ በየ40 ሳንቲው ካልደገፍከው 2 ሚሊው ማዕበል በመታው ቁጥር ዱም ዱም ይላል። መምህር የቆጠሩት 50 ኪሎ ደግሞ የእንጨት አጥንት ነው። የአንጎላሬው በሜትር 1.36 ኪሎ ስለሆነ 40 ሜትር ብትጠቀም ለብቻው 54 ኪሎ ነው፤ መቀመጫው ገና አልተቆጠረም።

አንድ ነገር በፍጹም እንዳትረሳ፤ የላሜራ ጀልባ ውሃ ከሞላው ይሰምጣል። 220 ኪሎ ብረት ውሃ ውስጥ የሚቀልለው በ28 ኪሎ ብቻ ነው፤ የቀረውን 192 ኪሎ የሚያንሳፍፍ አየር ያስፈልግሃል። 20 ሊትር የሚይዝ ክዳኑ የታሸገ ባዶ ጀሪካን የሚያነሳው 19 ኪሎ ገደማ ነው። ለቀፎው ብቻ 11 ጀሪካን ከመቀመጫ ሥር ታስራለህ፤ ለአንጎላሬው፣ ለመልሕቁና ለሰዎቹ ተጨማሪ። እሱን የምታስርበት ቦታ ከሌለህ ላሜራን ተወው። የኮምፔንሳቶ ቀፎ ቢገለበጥም በራሱ ይንሳፈፋል። የሕይወት ጃኬት ለሦስቱም ሰው ግዴታ ነው፤ ጀልባው ከምንም ይሠራ።

ያንን አሉሚኒየም አትንካው። ለባሕር የሚሠራው 5083 ወይም 5086 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ከሉሁ ላይ ታትሞ ካላየህ ለጣሪያና ለግድግዳ የሚሆን ነው ብለህ ቁጠረው። ብየዳውም በተራ ኤሌክትሮድ አይሆንም፤ የአርጎን ማሽን ይፈልጋል።

ሳንቡቅ_መስመር (ድሬ–ጅቡቲ)

«ከባድ ጀልባ ማዕበል ይሰብራል» ለተባለው። ግማሽ እውነት አለው። ሦስት ቦታ ላይ ክብደት ይጠቅማል። አንደኛው አቅጣጫ ስትቀይር ነው። ጀልባው አፍንጫውን በነፋሱ ውስጥ አሳልፎ ወደ ሌላው ጎን እስኪዞር ሸራው አይሠራም፤ በዚያ ጊዜ የሚወስደው የቀድሞ ግፊቱ ነው። በጣም ቀላል የሆነው መሃል ላይ ይቆምና ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ሁለተኛው አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ማዕበል ባለበት ነው፤ ቀላሉ በየማዕበሉ ይገታል። ሦስተኛው ክብደቱ ታች ሲሆን ነው፤ ጀልባውን ቀና አድርጎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ትልቅ ሸራ መዘርጋት ይቻላል።

ነገር ግን ያ ጠቃሚ ክብደት ታች፣ መሃል ላይ ያለ ክብደት ነው። ከጎንና ከላይ ያለ 3 ሚሊ ላሜራ ከሱ አይቆጠርም፤ የጎኑ ግድግዳ ከውሃ በላይ ነው። ባላስት (ጀልባውን ቀና አድርጎ የሚይዝ የታች ክብደት) ከፈለግክ ቀላል ቀፎ ሥራና፣ ነፋስ በበዛበት ቀን ብቻ 40 ኪሎ ውሃ በሁለት ጀሪካን ሞልተህ ከመሃል ሰሌዳው (ጀልባው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ውሃ ውስጥ ከሚወርደው) ግራና ቀኝ ወለሉ ላይ እሰር። ነፋሱ ሲበርድ ታፈሰዋለህ። ብረቱን ግን ማፍሰስ አይቻልም።

ታጁራ ላይ የሚሄዱትን ሳንቡቆች (ትልልቅ የእንጨት ሸራ ጀልባዎች) አይቶ «ከባድ ሆነው ይፈጥናሉ» የሚል አለ። የሚፈጥኑት ረጅም ስለሆኑ ነው። 15 ሜትር የውሃ መስመር ያለው በመምህር ስሌት 9.4 ኖት ድረስ ይሄዳል፤ የሚገፋውም ትልቅ ሸራ ነው። ያንን ክብደት 4.8 ሜትር ላይ ብታስቀምጠው ባለህበት ትቀራለህ።

ባሕር ላይ ከክብደቱ በላይ የሚያዘገየው ሌላ ነገር አለ፦ የቀፎው ቆዳ። በዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድር ጀልባ በሳምንታት ውስጥ አልጌ ይለብሳል፤ ቀጥሎ ጠንካራ ትንንሽ ዛጎሎች ይጣበቁበታል። ዛጎል የያዘ 360 ኪሎ ጀልባ ንጹህ በሆነ 500 ኪሎ ጀልባ ሊቀደም ይችላል። ያንተ ግን ማታ ማታ ተጎትቶ ከውሃ መውጣት አለበት፤ ለዚህም ቀላል መሆኑ ይጠቅማል። 150 ኪሎ ጀልባ አራት ሰው አንስቶት ያወጣዋል፤ 420 ኪሎ ብረት ግን ዊንች ይፈልጋል። በየቀኑ የሚወጣ ከሆነ የመዳብ ቀለም አያስፈልገውም፤ በጣፋጭ ውሃ ማጠብ ይበቃዋል። በነገራችን ላይ መዳብ ያለበት ቀለም አሉሚኒየም ላይ አይቀባም፤ ሁለቱ በጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል።

አናጺ_ሳቢያን (ድሬዳዋ)

በጣም አመሰግናለሁ፤ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ኮምፔንሳቶው አዘንብያለሁ። አሁን ሁለት ነገር ይቀረኛል። መምህር፣ እርስዎን ልጠይቅ፤ ሐሮማያ ከፍታ ላይ ስለሆነ 10 ካሬ ሸራ ይበቃል? ሌላው፣ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ አይልምም ወይ? ውሃ ጠጥቶስ ከጊዜ በኋላ ከፋይበሩ አይከብድም? የሬዚን ሥራ የምታውቁ በድሬ ሙቀት እንዴት እንደሚሠራ ብትነግሩኝ።

መምህር_ጀጎል (ሐረር)

መልካም አስተዋልክ። ሐሮማያ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ታጁራ ዳር በ30 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.16 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሐሮማያ ላይ በ20 ዲግሪ 0.94 ገደማ። ስለዚህ በተመሳሳይ የነፋስ ፍጥነት ሸራህ የሚያገኘው ግፊት የታጁራውን 81 በመቶ ያህል ብቻ ነው። 10 ካሬ ሸራ ታጁራ ላይ የሚሰጠውን ጉልበት ሐሮማያ ላይ ለማግኘት 12.3 ካሬ ያስፈልጋል። ክብደት ደግሞ እዚያ ይበልጥ ይጎዳሃል፤ ጉልበቱ ያነሰ ስለሆነ። ምክሬ ሸራውን 12 ካሬ አድርገህ አሰፋው፤ ከታች ወደ ላይ ሁለት ረድፍ ማሰሪያ ይኑረው። ታጁራ ላይ አንዱን ረድፍ አጥፈህ ወደ 10 ታወርደዋለህ።

የሐይቅ ውሃ ከጨው ውሃ በ2.5 በመቶ ይቀላል፤ ጀልባው ሐሮማያ ላይ በትንሹ ይበልጥ ይሰምጣል። ባንተ ክብደት 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አትጨነቅበት። የውሃው ጥልቀት ግን ያሳስባል። ጥልቀቱ 70 ሳንቲ በሆነበት ቦታ ማዕበል ራሱ ሊሄድ የሚችለው በሰከንድ 2.6 ሜትር ነው፤ ይህ ካንተ 5.15 ኖት ጋር እኩል ነው። እዚያ ስትደርስ ጀልባው ወለሉን የነካ ይመስል ይያዛል፤ የክብደት ጥፋት እንዳይመስልህ። ወደ ጥልቁ ስትመለስ ይለቅቃል። የመሃል ሰሌዳው እየተነሳ የሚወርድ ይሁን።

ስለ ጥንካሬው ደግሞ፣ የጠፍጣፋ ነገር አለመልመም በውፍረቱ ኩብ ያድጋል። በዚህ ስሌት 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በግምት ከ2 ሚሊ ላሜራና ከ3 ሚሊ አሉሚኒየም ጋር እኩል ይጠነክራል፤ ክብደቱ ግን በካሬ 3.3 ኪሎ ብቻ ነው፤ የላሜራው 15.7። ከ4 ሚሊ ፋይበር ደግሞ አራት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ግትር ነው። ቀፎው በማዕበል ሲመታ ገባ ወጣ የሚል ከሆነ ሸራው ያመጣው ጉልበት ጀልባውን መግፋቱ ቀርቶ ቆዳውን በማላመም ያልቃል። ላሜራ የሚበልጠው በሹል ነገር ሲወጋ ነው፤ እዚያ ላይ የገንደ ቆሬው ወንድማችን ትክክል ነው።

ሬዚን_ከዚራ (ድሬዳዋ)

የኮምፔንሳቶውን ነገር እኔ ልመልስ። ከመግዛትህ በፊት ከሉሁ ጥግ 10 በ10 ሳንቲ ቁራጭ ጠይቀህ ውሰድ። አንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ቀቅለው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ድገመው፤ ሦስት ጊዜ። ንብርብሩ ከተላቀቀ ለቤት ዕቃ የተሠራ ነውና መልስ። ጠርዙንም አስተውል፤ ውስጡ ቀዳዳ ያለበት ሉህ እዚያው ላይ ይሰበራል።

ሉሁ 2.44 ሜትር ነው፤ ጀልባህ 4.8። ሁለቱን ለማገናኘት ጫፋቸውን በውፍረቱ ስምንት እጥፍ ርዝመት እንደ ተዳፋት አስልለህ ላጠው፤ 6 ሚሊው ላይ 48 ሚሊ ማለት ነው። ሁለቱ ስሎች ተደራርበው ሲጣበቁ 4.83 ሜትር ትክክል ይወጣልሃል። ከኋላ ሌላ ቁራጭ ደግፈህ መስማር አትምታ፤ ክብደት ይጨምራል፤ ሲታጠፍም እዚያ ቦታ ላይ እንቢ ይልና ቅርጹ ይበላሻል።

ከዚያ ጎንና ጎኑን እንደ ልብስ ስፋው። ከጠርዙ 6 ሚሊ ገባ ብለህ በየ12 ሳንቲው ብሳ፤ ሽፋኑ የተላጠ የ1.5 የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳቡን አስገብተህ በፒንሳ ጠምዝዘው። ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ ከውስጥ ጥጉን በኢፖክሲና በወንፊት በተነፋ ደቃቅ ሰጋቱራ ድብልቅ ሙላው፤ ውፍረቱ እንደ ለውዝ ቅቤ ይሁን። ጥጉ እንደ ጣሳ ከንፈር ክብ ብሎ 2 ሳንቲ ያህል ራዲየስ ይኑረው። ላዩ ላይ 8 ሳንቲ ወርድ ያለው የመስታወት ጨርቅ አስቀምጥና በኢፖክሲ አጥግበው። ሲደርቅ ሽቦውን ቁረጥ፣ የውጭውን ጠርዝ በላጊ አክብበው፣ እዚያም ጨርቅ አልብስ።

የድሬ ሙቀት ዋናው ጠላትህ ነው። ከቀትር በኋላ አትበጥብጥ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ሥራ። በአንድ ጊዜ ከ200 ግራም በላይ አትቀላቅል። የተቀላቀለውን በጣሳ ውስጥ ካቆየኸው ራሱን ያሞቅና በደቂቃዎች ውስጥ ይጨሳል፤ ወዲያው ወደ ሰፊ ዝርግ ሳህን ገልብጠው። ኢፖክሲ ከሆነ የማድረቂያውን መጠን እንዲዘገይ ብለህ አትቀንስ። 2 ለ1 የተባለ 2 ለ1 ነው፤ የጎደለው እንደ ማስቲካ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይደርቅም። በጥንቃቄ ለካ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አማስል፣ የጣሳውን ጥግም ፋቅ።

ፖሊስተሩ ሬዚን ርካሽ ነው፤ ግን እንጨት ላይ ለረጅም ጊዜ አይይዝም፤ ተላጦ ይነሳል። ለፋይበር ጀልባ ብቻ አድርገው። እዚያ ደግሞ ክብደትን የሚያበላሸው የሠራተኛው እጅ ነው። 450 ግራም የሆነው የፋይበር ምንጣፍ በካሬ አንድ ኪሎ ያህል ሬዚን ይበቃዋል፤ ንብርብሩ 1.5 ኪሎ ይሆናል። ሰው ግን እስኪያበራ ድረስ ያፈስበትና ሁለት ኪሎ ይሆናል። በአራት ንብርብርና በ14 ካሬ ስታሰላው 84 ኪሎ መሆን የነበረበት 112 ይወጣል፤ ያ 28 ኪሎ ምንም ጥንካሬ አልጨመረም። በሩሎ ጨምቀህ አውጣው። ማድረቂያውንና ማፍጠኛውን ደግሞ በቀጥታ አንዱን በሌላው ላይ እንዳታፈስ፤ ይፈነዳል። ሁልጊዜ ማፍጠኛው መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ ይገባል። የዓይን መነጽርና ጓንት ሳታደርግ ክዳኑን አትክፈት።

ውሃ መጠጣቱን በተመለከተ፣ ያልታሸገ ኮምፔንሳቶ 20 በመቶ ውሃ ቢጠጣ 46 ኪሎው ላይ 9 ኪሎ ነው። ጣና ላይ ያለው የደንገል ታንኳም ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ነው ዳር ወጥቶ የሚደርቀው። መከላከያው ከውስጥም ከውጭም ሁለት ሁለት እጅ ኢፖክሲ ነው፤ በተለይ የተቆረጠ ጠርዝና የብሎን ቀዳዳ። ቀዳዳውን በሰፊው ብሳው፣ በኢፖክሲ ድፈነው፣ ሲደርቅ መልሰህ በልኩ ብሳ። ኢፖክሲ ፀሐይ ይበላዋል፤ ላዩን ቀለም ቀባው፣ ነጭ ቢሆን ይመረጣል። ለመጨረሻው ልስላሴ 240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 400 በውሃ እያረጠብክ፤ ከፊት ወደ ኋላ ፋቅ።

ሳንቡቅ_መስመር (ድሬ–ጅቡቲ)

ያልተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፤ ክብደቱ የት ነው ያለው የሚለውን። ለምሰሶው 2 ኢንች የውሃ ቱቦ የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። መካከለኛው ውፍረት በሜትር 5 ኪሎ ነው፤ 6 ሜትር ምሰሶ 30 ኪሎ። 60 ሚሊ ስፋትና 2 ሚሊ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ 6 ኪሎ ብቻ ነው። ያ 24 ኪሎ መሃሉ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ጀልባው በተዘነበለ ቁጥር እያጋደለ ይስበዋል፤ በቀፎው ያተረፍከውን በምሰሶው ትመልሰዋለህ ማለት ነው። አሉሚኒየሙን ካላገኘህ ቀጥ ያለና የደረቀ ቀርቀሃ ሞክር፤ በየአንጓው መሃል በገመድ እሰረውና ኢፖክሲ አጠጣው።

መልሕቁን፣ ገመዱን፣ የውሃ ጀሪካኑን አፍንጫ ውስጥ አታስቀምጥ። ከመሃል ግማሽ ሜትር ላይ ያለ 10 ኪሎ ወደ 2 ሜትር ቢርቅ ጀልባው አፍንጫውን ለማንሳትና ለመጣል የሚያወጣው ትግል በዚያ ዕቃ ምክንያት 16 እጥፍ ይሆናል። ሰዎቹም ተጠጋግተው መሃል ይቀመጡ። ነፋሱ ሲደክም ትንሽ ወደ ፊት ይጠጉ፤ ሰፊው ኋላ ከውሃ ይወጣና ፍትጊያው ይቀንሳል። ሲጠነክር ወደ ኋላ።

ቀለም ከመቀባትህ በፊት መዝነው። ቀፊራ ገበያ እህል የሚመዘንበት ዓይነት ሚዛን ካገኘህ የፊቱን ጫፍ ሚዛኑ ላይ፣ የኋላውን ጣውላ ላይ በእኩል ከፍታ አስቀምጥ፤ ጻፍ። ከዚያ አዙርና የኋላውን መዝን። የሁለቱ ድምር የጀልባው ክብደት ነው። ቀፎው ከነአጥንቱ ከ107 ኪሎ ብዙ ካለፈ መጀመሪያ ጥጎቹን ተመልከት፤ አብዛኛውን ጊዜ ትርፉ ያለው እዚያ የተረፈው የሰጋቱራ ድብልቅ ላይ ነው፤ ሳይጠነክር በማንኪያ ጀርባ ቢነሳ ኖሮ የሚቀር።

አናጺ_ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ገብቶኛል። ነገ ከሁለት ሱቅ ቁራጭ ወስጄ እቀቅላለሁ። የሬዚን ከዚራው ወንድሜ፣ ሽቦውን ኢፖክሲው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ማውጣት ይሻላል ወይስ እንዳልከው ደርቆ ቆርጦ መተው?

ሬዚን_ከዚራ (ድሬዳዋ)

ማውጣቱ ይሻላል። ከውስጥ በሽቦዎቹ መካከል ብቻ አጫጭር ድብልቅ አድርገህ አንድ ቀን ተወው። ከዚያ ሁሉንም ሽቦ ጎትተህ አውጣና ጥጉን ሙሉውን ሙላ። እንቢ ያለህን ሽቦ በላይተር ጫፉን አሙቀው፤ ዙሪያው ሲለሰልስ ይወጣል። ብረት ሽቦ ከሆነ አንድም እንዳትተው፤ ታጁራ ላይ ዝጎ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል።